ጋዙ የት ሄደ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የተጠራቀሙ ደብዳቤዎች አሉኝ። ግማሹ ስለ ኤሲ ነው፣ ግማሹ ስለ ማሞቂያ። አንድ አንባቢ ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ አከራዩ ጽፎ ጥያቄውን ረስቶታል። እሱን አልፌዋለሁ። ሌሎቻችሁን እነሆ።

ሪሞቱን 16 ላይ ባደርገው ቤቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል? ባለቤቴ አዎ ትላለች፣ እኔ አይመስለኝም።

ተራ ኤሲ ከሆነ እርስዎ ልክ ነዎት። 16 የሚነግረው የት ደርሶ እንደሚቆም ነው፣ በምን ፍጥነት እንደሚደርስ አይደለም። ኢንቨርተር የሚባለው፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት እንደ ሁኔታው ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ከሆነ ግን እሳቸውም ጥቂት እውነት አላቸው፤ ልዩነቱ ሲሰፋ ማሽኑ በርትቶ ይሠራል። ለማንኛውም 24 የሚበቃችሁ ከሆነ 24 ላይ አድርጉትና ታረቁ።

ግድግዳው ላይ ያለው ኤሲ ውሃ ያንጠባጥባል። ባልዲ ደቅኜበታለሁ።

ባልዲውን ያንሱና የውሃ መውረጃ ቱቦውን ያስጠርጉ። አብዛኛውን ጊዜ ዝቃጭ ዘግቶት ነው።

ሙቀት በገባ ቁጥር ኤሲዬ ማቀዝቀዝ ያቆማል። ሰው እጠራለሁ፣ ጋዝ ሞልቶልኝ ይሄዳል። ዘንድሮ ሦስተኛዬ ነው። ለመሆኑ ኤሲ በዓመት ስንት ጊዜ ነው ጋዝ የሚሞላው?

ዜሮ ጊዜ።

ይቺ ጥያቄ መልኳን እየቀያየረች ስለምትመጣ ዛሬ ትንሽ ልቆይባት። የኤሲ ጋዝ እንደ መኪና ቤንዚን አይደለም። አይነድም፣ አያልቅም። የውስጡንና የውጭውን ማሽን በሚያገናኘው የመዳብ ቱቦ ውስጥ ሲዞር ነው የሚኖረው። ክፍሉ ውስጥ ከፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲቀየር ሙቀት ይሸከማል። ኮምፕሬሰሩ ጨምቆ ወደ ውጭ ይሰደዋል። እዚያ ሙቀቱን አራግፎ መልሶ ፈሳሽ ይሆንና ዙሩን ይጀምራል። ፍሪጅዎም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ፍሪጅዎን በየዓመቱ ጋዝ አስሞልተው ያውቃሉ?

ጋዝ አነሰ ማለት ወጣ ማለት ነው። ከወጣ ደግሞ የወጣበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ሳይደፈን የተሞላው ጋዝ የፊተኛውን ተከትሎ ይሄዳል።

እኔም ከእርስዎ አልሻልም ነበር። ሁለት ዓመት በተከታታይ አስሞልቻለሁ። በሦስተኛው የመጣው ልጅ የጋዝ ሲሊንደሩን መኪናው ውስጥ ትቶ፣ የሳሙና ውሃ በኩባያና አንድ ስፖንጅ ይዞ ወጣ። ዕቃ ሊያጥብልኝ ነው እንዴ አልኩ። ቱቦው ከውጭው ማሽን ጋር የሚጋጠምበትን ዳዶ አረፋ ቀባው። ዝም ብለን አየን። ከዳዶው ሥር የመርፌ ራስ የምታህል አረፋ ተነፋች፣ ፈነዳች፣ ሌላ ተነፋች። «ይኸውልዎት ጋዝዎ» አለኝ። ልብ ብዬ ሳየው የዳዶው ዙሪያ ወዝቶ አቧራ ለጥፏል። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ ጋዙ ሲያመልጥ ዘይቱ አሻራውን ይተዋል። ይህን እድፍ እርስዎም በዓይንዎ መፈለግ ይችላሉ።

ከዚያ ወዲያ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው። ቀዳዳው ይደፈናል። መስመሩ በናይትሮጅን ተሞልቶ ግፊቱን መያዙ ይታያል። አየርና እርጥበቱ በቫኪዩም ፓምፕ ይመጠጣል። ጋዙ በሚዛን ተለክቶ ይገባል፤ መጠኑ የውጭው ማሽን ላይ ተጽፎ ተለጥፏል። ቱቦውን በእጁ ዳሰስ አድርጎ «በቃ፣ ሞልቷል» የሚል ሰው ከገጠመዎት ሚዛኑ የት እንዳለ ይጠይቁት።

ዝም ብሎ መሙላት ሌላም መዘዝ አለው። ኮምፕሬሰሩን የሚያቀዘቅዘው ተመልሶ የሚመጣው ጋዝ ነው። ጋዝ ሲያንስ ኮምፕሬሰሩ እየጋለ ይሠራል፣ አንድ ቀን ይቃጠላል። ያመለጠው ጋዝም ዝም ብሎ አይቀመጥም። በብዙ ቤቶች የሚገኘው አር-410ኤ፣ በ100 ዓመት ስሌት፣ ኪሎ ለኪሎ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,088 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። በአዲሶቹ ውስጥ የሚገባው አር-32 ወደ 675 ይወርዳል። እሱም ቢሆን ትንሽ አይደለም።

ጥፋቱን ሁሉ ሠራተኛው ላይ አልጭንም። ስንደውልለት እኮ «ና ጋዝ ሙላልኝ» ብለን ነው። የጠየቅነውን ሠርቶ ሄደ። «አያቀዘቅዝም» ይበሉትና ምክንያቱን እሱ ይፈልግ። ጋዙ ሙሉ ሆኖ ፊልተሩ የታፈነበት ቤት ስንት አለ!

ከገዛሁት አራት ዓመት ሆነው። ኤሲ ፊልተር አለው እንዴ?

አለው፣ ምስኪን። የፊት ክዳኑን ከፍ ያድርጉት፣ ያገኙታል። ኤሲው ሲሠራ በሚውልበት ወቅት በየሁለት ሳምንቱ ይዩት። ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ ጥላ ላይ ይድረቅ። አየር ካላለፈ ቱቦው ላይ በረዶ ይጋገራል። በረዶ ካዩ ማቀዝቀዙን አጥፍተው ፋኑ ብቻ ይሥራ። በቢላ የሚፈለፍሉ ሰዎች አውቃለሁ። ቱቦውን የሚበሱትም እነሱ ናቸው።

ባለ ዘይት ማሞቂያ ነው ወይስ ባለ ፋን፣ የትኛው ነው መብራት የሚቆጥበው?

የትኛውም ከሌላው አይቆጥብም። 1,500 ዋት የሚበላ 1,500 ዋት ሙቀት ይሰጣል፣ የቀረው ማስታወቂያ ነው። ባለ ፋኑ ቶሎ ያሞቃል፣ ባለ ዘይቱ ከጠፋም በኋላ ትንሽ ይቆያል፣ አይጮህምም። በእርግጥ መቆጠብ ከፈለጉ ማሞቅም የሚችል ኤሲ ይመልከቱ። ሙቀቱን ራሱ አይፈጥርም፣ ከውጭው አየር ለቅሞ ያስገባል። ስለዚህ ቅዝቃዜው ካልበረታ ለበላው አንድ እጅ መብራት ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ይመልሳል። ምንም ይግዙ ምን፣ ማሞቂያ በኤክስቴንሽን አይሰካም። ገመዱ ሲግል የሚያውቀው የለም፣ በተለይ ምንጣፍ ሥር ከሆነ።

የጋዝ ማሞቂያችን ነበልባል ድሮ ሰማያዊ ነበር፣ አሁን ቢጫ ሆኖ ያምራል። ሌላው ነገር፣ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ሁላችንንም ራስ ያመናል፣ ያጥወለውለናል። ወጣ ስንል ይለቀናል። ጉንፋን ይሆን?

ማንበብዎን ያቁሙና ማሞቂያውን ያጥፉ። በርና መስኮቱን ይክፈቱ። ሁላችሁም ውጡ። ሐኪም ቤት ሂዱና «ካርቦን ሞኖክሳይድ እንጠረጥራለን» በሉ፣ በዚሁ ቃል። ጉንፋን ከቤት ሲወጡ በር ላይ አይቀርም።

ቢጫው ነበልባል ጋዙ በቂ አየር አጥቶ በደንብ እየነደደ አለመሆኑን ይናገራል። ከዚያ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። የተኛ ሰው ሳይነቃ የሚቀረው ለዚህ ነው። ባለሙያ ማቃጠያውንና የጭስ መውጫውን ሳያይ ማሞቂያውን እንዳይለኩሱት። «ለዛሬ ብቻ»ም የለም። ጠቋሚ መሣሪያ ገዝታችሁ መኝታ ክፍል አጠገብ አድርጉ፣ ባትሪውንም ለሌላ ዕቃ እንዳትወስዱት። እዚህ ዓምድ ላይ ባለሙያ ጥሩ የምለው አንዳንዴ ለወጉ ያህል ነው። ዛሬ ግን እየለመንኩ ነው።

የውጭው ማሽን እያጉረመረመ ፋኑ አይዞርም። ጎረቤቴ በእንጨት ገፋ አድርገው አለኝ፣ ሠራ!

ካፓሲተሩ ሄዷል፤ ለማስነሳት ግፊት የምትሰጠው ትንሽ ዕቃ ናት። መብራቱ ከተቆረጠ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዛ ልትቆይ ስለምትችል ራስዎ አይንኳት፣ ባለሙያ ይቀይራታል። እንጨቱን ለጎረቤትዎ ይመልሱ።

ቅዝቃዜ ሲበረታ የውጭው ማሽን ለደቂቃዎች ቆሞ እንፋሎት ያወጣል። ተቃጠለ?

አልተቃጠለም፣ ቤት ሲያሞቅ የተጋገረበትን በረዶ እያቀለጠ ነው። ይተዉት።

የውጭው ማሽን ላይ ልብስ ማስጣት ይቻላል?

አይቻልም። አየሩን ይዘጋበታል፣ ልብሱም አቧራ ይጠግባል።