ኮሮና ለሦስተኛ ጊዜ ያዘኝ፤ ክትባቱ ምን ፈየደልኝ?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ቡና ቀማሽ ነኝ። መጋቢት 2013 ዓ.ም. ኮሮና ይዞኝ ለሳምንታት ማሽተት አቃተኝ። ከዳንኩ በኋላ ተከተብኩ፤ ሆኖም ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ተመርምሬ እንደገና ተገኘብኝ፤ ያን ጊዜ ጉሮሮዬንና ወገቤን ነበር ያመመኝ። ባለፈው ክረምት ደግሞ ሳልና ትኩሳት ያዘኝ፤ ከዚያ ወዲህ የተቆላ ቡና የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል። ጎረቤቶቼ «ምች ነው» ይላሉ። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ይያዛል? ስኳር ያለባቸው እናቴም አብረውኝ ይኖራሉ።

መልስ፦ ከሦስት ጊዜም በላይ የተያዙ አሉ፤ ስለዚህ የእርስዎ ሰውነት ብቻ የደከመ አይምሰልዎ። ወረርሽኙ አገራችን በገባበት በ2012 ዓ.ም. «አንዴ የያዘው አይደግመውም» ይባል ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ፣ ነሐሴ ላይ፣ የሆንግ ኮንግ ተመራማሪዎች የአንድ የ33 ዓመት ሰው ነገር ይፋ አደረጉ። ሰውየው ታሞ ድኖ ነበር፤ ከአራት ወር ተኩል በኋላ ከስፔን ሲመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቫይረሱ ተገኘበት። ቫይረሱን የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ ከዳኑ በኋላም የቆየ የቫይረስ ቅሪት ሊያሳይ ስለሚችል፣ የሁለቱን ቫይረሶች የዘር ቅንብር አስተያዩ፤ የተለያዩ ሆነው ተገኙ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ሰውየው ሕመም የሚባል አልተሰማውም።

የእርስዎ የመጀመሪያው ሕመም በየትኛው ዝርያ እንደመጣ ያለ ላቦራቶሪ መናገር አይቻልም። የታኅሣሡ ግን ኦሚክሮን ነው ብዬ ለመወራረድ አልፈራም፤ በዚያ ወር ክሊኒካችን የመጣው ሰው ሁሉ ጉሮሮውን ይዞ ነበር። ኦሚክሮን ኅዳር 2014 ከደቡባዊ አፍሪካ ሲሰማ፣ ቫይረሱ ወደ ሕዋስ በሚገባበት እሾህ ላይ ከ30 በላይ ለውጦች ነበሩት። ሰውነታችን ያዘጋጃቸው አንቲቦዲዎች የሚይዙት ደግሞ ያንኑ እሾህ ነው።

በሙያዎ ልናገር። የሊሙን ቡና ከጌራው በአንድ ፉት ይለያሉ፤ አቆላሉ ከተለወጠብዎ ግን መጀመሪያ ያመነታሉ፤ ሲደግሙት ይደርሱበታል። ሰውነትም እንዲሁ ነው። አንቲቦዲዎቹ በወራት ውስጥ ስለሚቀንሱ፣ መልኩን የለወጠውንም አጥርተው ስለማያውቁት፣ ቫይረሱ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ያመልጣቸዋል። ቲ ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ግን ያልተለወጡ ብዙ ክፍሎቹን ስለሚያውቁ ሕመሙ እንዳይከፋ ይደርሳሉ። ክትባቱ የፈየደልዎ ይህንን ነው። «ከተከተብክ ጨርሶ አይዝህም» ብሎ የሰበከ ሁሉ ግን የእርስዎ ወቀሳ ይገባዋል።

የክረምቱን ያለ ምርመራ ኮሮና ነው ብዬ አልምልም፤ የሽታው መዛባት ግን ወደዚያ እንዳዘነብል ያደርገኛል። ጎረቤቶችዎ ዳማከሴ ቢያሹልዎ አልቆጣም። የሚያናድደኝ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን እየገዙ መዋጥ ነው፤ እርስዎ ባይጠይቁኝም እናገራለሁ፦ ቫይረስን አይነካም።

ለእናትዎ ግን እሰጋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አስቸኳይ ሁኔታውን ሲያነሳ፣ ብዙ ሰው ቫይረሱም የሄደ መሰለው። በዕድሜ ለገፋና ስኳር ላለበት ሰው አዲስ ዝርያ ሁሉ አዲስ አደጋ ነው። እርስዎ ማሳል ሲጀምሩ ማስክ ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ሌላ ክፍል ይደሩ። እሳቸው ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ከወጋቸው ወይም ንግግራቸው ከተምታታ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ ነገን አይጠብቁ። ስኳራቸውንም በሕመም ጊዜ አዘውትረው ይለኩ። ክትባት ይገኝ እንደሆነም ጤና ጣቢያ ይጠይቁላቸው።

ወደ አፍንጫዎ ልመለስ፤ እንጀራዎ ነውና። ከኮሮና በኋላ ሽታ ሲዛባ ቡና፣ ሽንኩርትና የተጠበሰ ሥጋ በብዛት የሚከፉት ናቸው። የማሽተት ነርቮች ቀስ ብለው ስለሚያገግሙ ወራት ሊፈጅ ይችላል። የሚመከረው ልምምድ ርካሽ ነው፦ ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድና ባሕር ዛፍ፤ አራቱንም ጅማ ገበያና አጥር ሥር ያገኟቸዋል። ጠዋትና ማታ እያንዳንዱን ለ20 ሰከንድ ያህል፣ ሽታው ምን እንደነበር እያሰቡ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር ያሽትቱ። ካልተሻለዎት የአንገት በላይ ሐኪም ይይዎት። እስከዚያው የናሙናውን ውጤት ባልደረባዎ ይሙላ፤ የገበሬው ቡና በእርስዎ አፍንጫ ምክንያት ደረጃው ዝቅ አይበል።