ከእጥበት በኋላ ለሚያብዱት ሴንሰሮች

መጀመሪያ የሴንሰር ኬብሎቹ የሚሰኩበትን ሳጥን ባዶ ቀዳዳዎች እይ። «ሳጥኑ አይፒ67 ሆኖ መስመሩ ሲታጠብ ሴንሰሮቹ ለምን ይበራሉ ይጠፋሉ?» ብለሃል። አይፒ67 የሚባለው አቧራና ውሃ የመከላከል ደረጃ የሚሠራው እያንዳንዱ የኤም12 ቀዳዳ (ባለ 12 ሚሊሜትር ጥርስ ክብ የኬብል መሰኪያ) በኬብል ወይም በክዳን ጥብቅ ብሎ ሲዘጋ ብቻ ነው። አንዱ ክፍት ከሆነ ውሃው በዚያ ይገባል።

የ24 ቮልቱን ፓወር አጥፍተህ ኬብሎቹን ንቀል። ፒኖቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካየህ ኬብሉን ቀይረው፤ ጠርጎ መመለስ አያዋጣም። ቀዳዳውን በደንብ አድርቅ። የጎማ ቀለበቱ መኖሩን አረጋግጥ፣ ባዶዎቹን ክደን።

አደራ፣ በፒንሳ እንዳታጠብቅ! እኔ ጠርሙስ መሙያ መስመር ላይ እንደዚያ አድርጌ ጎማው ተቆርጦ አገኘሁት። ቀለበቷ ከውጭ ደህና ትመስላለች፤ ውሃው ግን በተቆረጠው በኩል ይሰርጋል። ብዙዎቹ የኤም12 ማያያዣዎች 0.6 ኒውተን ሜትር አካባቢ የማጥበቂያ ጉልበት ይበቃቸዋል።