ከሥራ ሰዓት በኋላ ያለውን እዩ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖር የጎረቤቴ ልጅ ሰሞኑን ልትሰናበተኝ መጣች። ለማስተርስ ጀርመን ልትሄድ ነው። ቡና እየጠጣን «እትዬ፣ እዚያ የሴት ሥራ የወንድ ሥራ የሚባል ነገር የለም አይደል?» አለችኝ። «የለም» ብዬ ልገላገል ስል አንዲት ሴትዮ ትዝ አለችኝ።

በደርግ ጊዜ ምህንድስና እንዲማሩ ወደ ሶቭየት ኅብረት ከተላኩት አንዷ ነኝ። የደረሰኝ ኪየቭ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት በሩሲያኛ ትምህርት አለቀ። ከዚያ በኋላ በየክረምቱ ሳይት እየወጣን እንለማመዳለን። የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው።

የተመደብኩበት ሳይት ላይ ባለዘጠኝ ፎቅ መኖሪያ በተገጣጣሚ ኮንክሪት ይሠራል። ክሬኑን የምታንቀሳቅሰው ሴት። ለሳኞቹ ሴቶች፣ ቀለም ቀቢዎቹም ሴቶች። የሁሉም አለቃ፣ ፕሮራብ የሚሏት፣ ድምፀ ጎርናና ሴትዮ ናት። ስትቆጣ ግዙፍ ግዙፉ ወንድ ሁሉ ቀጥ ይላል። እኔ ሳይት ላይ ሴት የማውቀው ባሬላ ተሸክማ ነው። የመጀመሪያዋን ሴት ጠፈርተኛ ቴሬሽኮቫን በ1963 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር የላከ አገር፣ ሐኪሙ በብዛት ሴት የሆነበት አገር መሆኑን በወሬ አውቃለሁ። በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው። ወደ ቤት የምጽፈው ደብዳቤ ሁሉ ስለ ፕሮራቧ ሆነ።

አንድ ቀን ራት ጋበዘችኝ። ከሥራ እንደወጣን ከኪሷ የመረብ ከረጢት አወጣች። አቮስካ ይሉታል። ሲታጠፍ ጭብጥ ውስጥ ይገባል። ለዳቦ ተሰለፍን፣ ለቋሊማ ተሰለፍን። ሦስተኛው ሰልፍ ላይ ምን እንደሚሸጥ እንኳ ሳናውቅ ቆምን። ቤት ስንደርስ ባልየው ሶፋ ላይ ጋዜጣ ዘርግቷል። ደግ ሰው ነው። ተነሥቶ ጨበጠኝ፣ ቀለደ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። እሷ የሳይት ልብሷን ሳትቀይር ድንች መላጥ ጀመረች። ልጆቿን ሲጠብቁ የዋሉት እናቷ ከጎኗ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ለእኔም ቢላ ተሰጠኝ። ባልየው ከሶፋው «ጨው እንዳትረሺ!» አለ። ያ ሁሉ ወንድ የሚፈራት ሴትዮ «እሺ» አለች።

ባልየውን ክፉ አላደርገውም። ቤቱ ውስጥ የሚበላሸውን ሁሉ የሚጠግነው እሱ ነበር። በማርች 8 ደግሞ እሱም እንደሌሎቹ አበባ ታቅፎ ይመጣል፣ ያበስላል፣ እቃ ያጥባል። ቀኑ ሥራ የሚዘጋበት በዓል ነው። በማግስቱ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። እኛም አገር አኢሴማ፣ የደርግ ጊዜው የሴቶች ማኅበር፣ ማርች 8ን ያከብር ነበር፤ አበባው ግን አልደረሰንም።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ፣ ሴትዮዋን «አይደክምሽም?» ብዬ ሳልጠይቃት መቅረቴ ነው። ሩሲያኛው አልጠፋኝም። እንግዳ ነኝ፣ ነውር ነው አልኩ። ስለዚህ የማወራችሁ ያየሁትን እንጂ የእሷን ሐሳብ አይደለም።

አገሬ ስመለስ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነበር። ሠራተኛ ሊቀጥርላት ካልቻለ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ሕጉ ያስገድድ ነበር። የተለወጠው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው። ማታ ማታ ያለው ነገር ግን ምን ያህል ተለወጠ? እኔ እንደ ልቤ ሳይት የዋልኩት ከገጠር የመጣች ልጅ ቤቴን ይዛልኝ ስለነበር ነው። ይህን ሳነሳ ጓደኞቼ ደስ አይላቸውም። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ ስሄድም ባሬላ የያዙ ሴቶችን ዛሬም አያለሁ። ፎርማን የሆነች ግን እስካሁን አልገጠመችኝም።

እና ልጆቼ፣ ውጭ ስትሄዱ ቢሮና መንገድ አይታችሁ ብቻ አትመለሱ። ሰው ቤት ግቡ። ለግብዣ ቅዳሜ ሳይሆን፣ ሁሉም ደክሞት በሚገባበት ማክሰኞ ማታ ግቡ። ልጅ ሲያተኩሰው ከሥራ የሚቀረው ማን እንደሆነ እዩ። ከዚያ ደግሞ ጠይቁ። የዘንድሮ ልጆች ሳምንት ሳትቆዩ ቲክቶክ ላይ «እዚህ አገር ወንዱ ነው የሚያበስለው» ትላላችሁ። በአንድ ቤት አይፈረድም። እርግጥ እኔም ይኸው በአንድ ቤት ስፈርድ አርጅቻለሁ።

ወንዶቹን በተመለከተ፣ አብረውኝ የተማሩት አበሾች ዶርም ውስጥ በተራ ያበስሉ ነበር። በተለይ አንዱ ዶሮ ወጥ ሲሠራ ፎቁ በሙሉ ይሸታል። አገር ቤት ገብቶ ካገባ በኋላ ልጠይቀው ሄድኩ። ማድጋው አጠገቡ ሆኖ ውሃ እንድትቀዳለት ሚስቱን ይጣራል። «ያ ሁሉ የሽንኩርት ሙያ የት ገባ?» አልኩት። ሳቀ።

ሚስቱ ግን አልሳቀችም። «እሱ ሽንኩርት ይከትፋል እንዴ?» አለችኝ።