በካርቦን ለተሠራ ሴሚኮንዳክተርም ዶፓንት ይጨመራል?

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አዘዞ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሲሊከን ላይ እንደ ዶፓንት (ባሕርዩን ለመለወጥ የሚጨመር ባዕድ ነገር) ጥቂት ፎስፈረስ ሲጨመር ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ እንደሚያድግ ሳስረዳ፣ አንዲት ተማሪዬ በኦርጋኒክ (በካርቦን በተሠሩ) ሴሚኮንዳክተሮችስ እንዲሁ ይደረግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

መልስ፦ ይደረጋል ይበሏት፣ መምህር፤ መንገዱ ግን ይለያል። በሲሊከን ውስጥ ፎስፈረሱ የአንድን አቶም ቦታ ተክቶ ይቀመጣል፤ እዚህ ግን የሚጨመረው ብዙውን ጊዜ ሙሉ ሞለኪውል ስለሆነ ማንንም ሳይተካ በመካከል ገብቶ ኤሌክትሮን ይወስዳል ወይም ይሰጣል። ሳይንቲስቶቹ ሺራካዋ፣ ማክዲያርሚድና ሂገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 ባሳተሙት ሥራ፣ ብርማ ቀለም ያለውን ስስ የፖሊአሴቲሊን (ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ያለው ፕላስቲክ) ሽፋን ለአዮዲን ትነት ሲያጋልጡት፣ አዮዲኑ ኤሌክትሮን ነጥቆ በሰንሰለቱ ላይ አዎንታዊ ቻርጅ ስለተወ፣ የማስተላለፍ አቅሙ በሚሊዮኖች እጥፍ አደገ፤ በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ተማሪዎ «ምን ያህል ይጨመር?» ማለቷ አይቀርም፤ ጥሩው ጥያቄም ይኸው ይመስለኛል። ለሲሊከን ከሚሊዮን አቶሞች አንዱ እንኳ ለውጥ ሲያመጣ፣ ለኦርጋኒኮቹ ብዙ ጊዜ ከመቶ ጥቂት እጅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የዳይኤሌክትሪክ ቋሚያቸው (በቻርጆች መካከል ያለውን ስበት የማዳከም አቅማቸው መለኪያ) ከ3 እስከ 4 ገደማ (የሲሊከን 11.7 ነው) በመሆኑ፣ ቻርጁ ከዶፓንቱ ስበት ተላቆ ለመራቅ ይቸገራል። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ የሞለኪውሎቹ አደራደር ይዛባና ቻርጁ የሚጓዝበት መንገድ ይሰናከላል። ኤሌክትሮን ሰጪዎቹ ዶፓንቶች ይበልጥ ያስቸግራሉ፤ ኤሌክትሮን በቀላሉ የሚለቅ ሞለኪውል ለአየር ኦክስጅንም አሳልፎ ስለሚሰጥ፣ ሥራው አየር በማይገባበት ሳጥን ውስጥ ይከናወናል።