በ36 ዓመት የመጀመሪያ ሥራ፣ ድሬዳዋ ላይ

እህቴ፣ ሌላውም አባል እንዲከተል ጥያቄሽን ላሳጥረው። 36 ዓመትሽ ነው፤ ከ10ኛ ክፍል በኋላ አካውንቲንግ ሌቭል 4 ጨርሰሻል፤ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ሳትፈተኚ አግብተሽ ልጆች አሳደግሽ፤ ትንሿ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገባች። ተቀጥረሽ አታውቂም። «ዕድሜዬ አልፏል ወይ? ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው።

ዕድሜሽ አላለፈም። ድሬ ላይ ነጋዴ ሰው ሲቀጥር የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፦ ገንዘብና ዕቃ የሚያጎድል ሰው፣ በሁለተኛው ሳምንት ሳይናገር የሚቀር ሰው። በሁለቱም በኩል ሰፈር የሚያውቃት የልጆች እናት ከአዲስ ተመራቂ ትመረጣለች። የጎደለሽ ይህን የሚያሳይ ወረቀት ነው። ስለዚህ አብዛኛው መልሴ ስለ ወረቀት ነው። አሰልቺ ነው አቦ፣ ግን ሥራ የሚያመልጠው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ጊዜሽን የሚበሉትን ተያቸው። «ዜሮ ዓመት ልምድ» የሚለው የባንክ ማስታወቂያ ላንቺ የተጻፈ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የምረቃ ዓመት ይገድባል፣ ዲግሪም ይጠይቃል። ለመቀጠር አስቀድመሽ ክፈዪ ለሚልሽ ደላላ ደግሞ አምስት ሳንቲም አትስጪ። ቀበሌ ሄደሽ በሥራ ፈላጊነት መመዝገቡ አይጎዳም፤ ተመዝግበሽ ቤት ቁጭ ማለቱ ነው የሚጎዳው።

የሚከፈቱልሽ በሮች ቀፊራና ታይዋን በሚባሉት ገበያዎች አካባቢ ያሉ የጅምላ ንግድ ቤቶች፣ ከዚራና ሳቢያን ሰፈር ያሉ ክሊኒኮች፣ ፋርማሲዎች፣ የግል ትምህርት ቤቶችና ሆቴሎች ናቸው። የምትጠይቂው ሥራ ካሸር፣ ስቶር ኪፐር ወይም የሂሳብ ረዳት ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ በር አለ፦ የትራንዚተር ቢሮ፣ የአስመጪን ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣው። ከተማችን የጅቡቲ መስመር ላይ ናት፤ ጉምሩክና ደረቅ ወደብ አለን፣ ከነሐሴ 2014 ጀምሮም ነፃ የንግድ ቀጠና አለን። ትራንዚተር ሰነድ የሚያሰናዳ ሰው ሁልጊዜ ይፈልጋል። ሥራው ኢንቮይስ (የሽያጭ ደረሰኝ)፣ ፓኪንግ ሊስት (የጥቅል ዝርዝር)ና ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) ጎን ለጎን አድርጎ ማመሳከር ነው፦ የጥቅሉ ብዛት፣ ክብደቱ፣ የኮንቴነሩ ቁጥር፣ የአስመጪው ስም። አንድ ፊደል ወይም አንድ አሃዝ ከተለያየ ዕቃው ቆሞ የመጋዘንና የኮንቴነር ኪራይ ይቆጥራል። የሚፈለገው ቁጥር ሳይሰለቸው የሚያይ ሰው ነው፤ ዕድሜ የሚጠይቅሽ የለም። አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማልኛ የምትችዪ ከሆነ ሲቪሽ ላይ ከስምሽ ቀጥሎ ጻፊው። እኛ ጋ ቋንቋ እንደ አየር ስለሚቆጠር ሰው መጻፉን ይዘነጋል፤ ቀጣሪ ግን ይፈልገዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ፋይዳ መታወቂያሽን፣ የ10ኛ ክፍል ሰርተፍኬትሽንና የኮሌጅ ትራንስክሪፕትሽን ጠረጴዛ ላይ ደርድሪና ስምሽን ፊደል በፊደል አመሳክሪ፣ በተለይ የእንግሊዝኛውን። አንዱ ላይ «ዜድ ኢ»፣ ሌላው ላይ «ዜድ ኤ» ከሆነ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሲወጣ፣ የባንክ ሒሳብ ሲከፈትና ጡረታ ሲመዘገብ ሦስት ጊዜ ትመላለሻለሽ። የቤት ስምና የትምህርት ቤት ስም የተለያየባቸው ደግሞ ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሊያደርስ ስለሚችል፣ ሥራ ሳይገኝ በፊት ይጀመር። ከዚያ ትክክለኛው ስም በሁሉም ላይ አንድ ሲሆን የግብር ከፋይ ቁጥርሽን አውጪ።

ሲኦሲውን አትዝለዪው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለሱ ዲፕሎማሽን አይቆጥርልሽም፤ የግሉ አንዳንዴ ያልፈዋል፣ ግን ደሞዝሽን ሲወስን ያነሳዋል። ወደ ተማርሽበት ኮሌጅ ሄደሽ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የድሮው የሙያ ደረጃ ተከልሷል ወይ፣ ቀጣዩ የምዘና ምዝገባ መቼ ነው። ምዘናው ጽሑፍም ተግባርም አለው። ተግባሩ ላይ ጆርናል መመዝገብ፣ ወደ ሌጀር ማስተላለፍ፣ የባንክ ማስታረቂያና የደሞዝ መክፈያ ሊስት መሥራት እጅሽ ውስጥ ይግባ። ቆይቶ የተመለሰ ሰው የሚወድቀው ባብዛኛው ደሞዝ ላይ ነው፤ በድሮው የግብር ሰንጠረዥ ስለሚሠራ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ እስከ 2,000 ብር ያለው ደሞዝ ግብር የለበትም፤ ከ2,001 እስከ 4,000 ባለው ላይ 15 በመቶ፣ ከ4,001 እስከ 7,000 ባለው ላይ 20 በመቶ ነው፣ ከዚያ በላይ እያደገ ከ14,000 በላይ ባለው ላይ 35 ይደርሳል። ቫት 15 በመቶ እንደሆነ ቢቆይም አዋጁ በ2016 በአዲስ ተተክቷል። የድሮ ደብተርሽን ለዘዴው ተጠቀሚበት፣ ለቁጥሩ ግን አትመኝው።

ከሲኦሲው ጎን ኤክሴልና ፒችትሪ (የሒሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌር) ተማሪ። ኤክሴል ላይ ድምር፣ «ኢፍ»ና ዝርዝር ማጣሪያ በደንብ ከቻልሽ ለካሸርና ለስቶር ይበቃል። ለስቶር የሚያስቡ ደግሞ ከዕቃ ቅጾች ሞዴል 19 ገቢ፣ ሞዴል 20 መጠየቂያ፣ ሞዴል 22 ወጪ መሆኑን፣ ቢን ካርድ (የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበት ካርድ) እንዴት እንደሚሞላ ይወቁ። ግማሽ ቀን ትኩረት ይበቃዋል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ይለያል።

ዋስ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ገንዘብ ወይም ዕቃ የሚያስይዝ ሥራ ዋስ ይጠይቃል፦ ደሞዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ማምጣት የሚችል ቋሚ ሠራተኛ። «ወንድሜ አለ» ብሎ መቀመጥ አይበቃም። መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይጽፋል ወይ? ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ዋስ ሆኗል ወይ? የባንክ ብድር አለበት ወይ? ከነዚህ በአንዱ ሊከለከል ይችላል። አንቺ «አልፈሻል» ተብለሽ ዋስ ፍለጋ ሳምንት ስትዞሪ ቦታው ለሁለተኛው ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ሁለት ሰው አስቀድመሽ አነጋግሪ፣ የሚዋሱበትንም የገንዘብ መጠን ሳትደብቂ ንገሪያቸው።

ልምድ የለኝም ያልሽው ላይ ትንሽ ልከራከርሽ። አፎሻ ወይም ዕድር ውስጥ ገንዘብ ይዘሽ፣ መዝገብ ጽፈሽ፣ የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ መዋጮ ሰብስበሽ ታውቂያለሽ? ከሆነ ያ ሒሳብ አያያዝ ነው። ማኅበሩ ማህተም ስላለው ከስንት እስከ ስንት ዓመት፣ ስንት አባል፣ በወር ወይም በዓመት ስንት ብር ገደማ እንደያዝሽ የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፊ። «ታማኝና ታታሪ ናት» የሚል ብቻ ከሆነ ማንም አያነበውም፤ ቁጥር ይኑረው። ሕጋዊ የሥራ ልምድ ሆኖ አይያዝም፣ ለነጋዴ ግን ከዲፕሎማሽ በላይ ይናገራል።

ሲቪሽ አንድ ገጽ ይሁን። ያልሠራሽባቸውን ዓመታት በውሸት ሥራ አትሙያቸው፤ ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፣ ስልክ ይደወላል። ቃለ መጠይቅ ላይ «እስካሁን ለምን አልሠራሽም?» ሲሉሽ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሺው፦ «ልጆች ሳሳድግ ነበር፣ አሁን ሁሉም ትምህርት ቤት ገብተዋል። ሲወጡ የሚቀበላቸው ሰው አለ።» ሁለተኛው ነው የሚፈልጉት፤ ይቅርታ የመጠየቅ ድምፅ ግን አይኑረው። ስለ ሰዓቱም እዚያው ጠይቂ። ብዙ ሱቅ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ዘግቶ ፀሐዩ ሲበርድ ይከፍታል፣ ማታም ያመሻል፤ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ግን ሌላ ነው። ለእናት የትኛው እንደሚመች የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ሳትጠይቂ ገብተሽ በሦስተኛው ቀን ማታ ማታ አልችልም ብትዪ ነው ችግሩ።

ደሞዝ ላይ በጣም ተጠንቀቂ፣ ቆይቶ የሚጀምር ሰው ትልቁን ኪሳራ የሚከስረው እዚህ ነው። አንዱ «5,500 በእጅሽ፣ ወረቀት የለም» ይልሻል። ሌላው «6,000 በፔሮል» ይላል፣ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ ማለት ነው። ሁለተኛው ሲሰላ ግብሩ 300 ሲደመር 400፣ ማለትም 700 ብር ነው፤ ጡረታ 7 በመቶ 420፤ እጅሽ የሚገባው 4,880። በ620 ብር ያንሳል። ግን አሠሪው 11 በመቶ፣ ማለትም 660 ብር ከራሱ ይጨምርልሻል፤ በየወሩ 1,080 ብር በስምሽ ለጡረታ ይገባል። ከዚያም በላይ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ብዙ ድርጅቶች ከግል ተቋም የመጣ የሥራ ልምድ የሚቀበሉት የሥራ ግብር የተከፈለበት ሲሆን ነው። ያለ ወረቀት አምስት ዓመት ብትሠሪ በ41 ዓመትሽም «ዜሮ ዓመት» ነሽ። የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፣ መውጫው 60 ነው። አንቺ 24 ዓመት አለሽ። እዚህ ግሩፕ ላይ ከ50 በላይ ሆነው የሚያነቡ ካሉ ግን 10ሩ እንደማይሞላላቸው አስልተው፣ እጅ ላይ በሚገባው ቢደራደሩ አልፈርድባቸውም።

የሙከራ ጊዜ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በሳምንት 6 ቀን ከሠራሽ 10 ሳምንት ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ብቁ አይደለሽም ካሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ፤ የሕመም ፈቃድም የሚጀምረው ከሙከራ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጅ ሲታመም ማን እንደሚይዝልሽ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ጨርሺ። ቤት ውስጥ ግጭት የሚነሳውም በነዚህ ሳምንታት ነው፦ ምሳ፣ ልጅ ማምጣት፣ እንግዳ። ባልሽንና እናትሽን አስቀምጠሽ በቀንና በሰዓት ተከፋፈሉት፤ «እንረዳዳለን» የሚል ስምምነት አይሠራም።

ካሸር ሆነሽ ከገባሽ፣ ሣጥኑን ሳትቆጥሪ አትረከቢ። ያስረከበሽ ሰው ፊት ቆጥረሽ፣ በብር ዓይነት ጽፈሽ ሁለታችሁም ፈርሙ። ማታ ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ የዜድ ሪፖርት (የቀኑን ሽያጭ ማጠቃለያ) አውጪና በጥሬ ገንዘብ፣ በቴሌብርና በባንክ የገባውን ለየብቻ ከሱ ጋር አስታርቂ። ደንበኛ የላከበትን የስልክ ምስል ሲያሳይሽ አትቀበዪ፤ ገንዘቡ በድርጅቱ ሒሳብ ላይ መድረሱን አይተሽ ነው ዕቃ የሚወጣው። ባለቤቱ ወይም ዘመዱ «ትንሽ ስጪኝ፣ እመልሳለሁ» ቢልሽ ፈርሞ ይውሰድ፤ ወረቀቱ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። አዲስ ካሸር የሚጎድልባት ባብዛኛው በስርቆት አይደለም፣ ሳይፈረም በወጣ ገንዘብ ነው። ጉድለት ተገኝቶ ከደሞዝሽ ይቆረጥ ቢባል እንኳ በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዝ ሲሶ በላይ አይቆረጥም።

ወር በገባ ቁጥር የደሞዝ መክፈያ ሊስት ላይ ስምሽ መኖሩን፣ የጡረታ መዋጮውም መግባቱን ጠይቂ፤ አንዳንዱ ከሠራተኛው ቆርጦ አያስገባም፣ ይህ የሚታወቀው ስትለቂ ነው። ዓመት ሲሞላሽ፣ ባትለቂም፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠይቂ። ሕጉ በጠየቅሽ ጊዜ ያለ ክፍያ እንዲሰጥሽ ያዛል። የሥራሽ ዓይነት፣ የጀመርሽበት ቀንና ደሞዝሽ በግልጽ ይጻፍ፣ የሥራ ግብር መከፈሉም ይጠቀስ፤ ስምሽም ከፋይዳው ጋር አንድ መሆኑን እዚያው ቆመሽ አንብቢ።