«እጾማለሁ፣ ግን ሠራተኞቼን እሰድባለሁ»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? አነስተኛ የፈርኒቸር ወርክሾፕ አለኝ። ስምንት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፣ ዐሥራትም አወጣለሁ። ቢሮዬ ውስጥ ሥዕለ አድኅኖ ሰቅያለሁ። ችግሬ ቁጣ ነው። በጾም ደግሞ ይብስብኛል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ እንጨት ቦርድ) በተሳሳተ ልኬት ቆረጠ። ደንበኛ ፊት «ደንቆሮ» አልኩት። የቦርዱንም ዋጋ ከደመወዙ እንደምቆርጥ ነገርኩት። ከዚያ በፊት ለሥራ ፈጣሪዎች የሚሰጥ ራስን የመምራትና ስሜትን የመረዳት ሥልጠና ወስጄ ነበር፤ በጥቂቱም ቢሆን ረድቶኛል። አንድ የማኅበራችን ወንድም ግን «ይሄ የዓለም ጥበብ ነው፣ ለክርስቲያን ጸሎት ይበቃዋል» አለኝ። እውነት ነው? ጾሜስ ዋጋ አለው? ደግሞስ ካልተቆጣሁ ሥራው እንዴት ይሄዳል?

መልስ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ይሁን ወንድሜ። ከሥልጠናው ልጀምር፣ እሱ ይቀላል። ቁጣ ሲመጣ ማወቅ፣ ከመናገር በፊት ቆም ማለት፣ ሌላውን ማዳመጥ፣ እነዚህ ከእምነትህ ጋር አይጋጩም። ሐዋርያው ያዕቆብም «ሰው ሁሉ ለመስማት የፈጠነ ለመናገርም የዘገየ ለቍጣም የዘገየ ይሁን» ብሎናል (ያዕ. 1፥19)። ቅዱስ ጳውሎስም ራስን መግዛትን ከመንፈስ ፍሬዎች ጋር ቆጥሮታል (ገላ. 5፥23)። ወንድምህ ስለ ጸሎት ያለው መልካም ነው። ግን ዳዊት ደግሞ፣ ውዳሴ ማርያም አድርሶ፣ ከቤት ሳይወጣ ልጆቹን የሚያስለቅስ ሰው ስንቱን እናውቃለን! ጸሎት የጀመረውን ሥራ አንደበት መፈጸም አለበት።

እኔ በሥልጠናው ላይ ያለኝ ቅሬታ ሌላ ነው። ከነገ ጀምሮ እንዳትቆጣ ያስተምርሃል። ባለፈው ሳምንት ስለሰደብከው ልጅ ግን ብዙም አይጠይቅህም። ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ የምትጠይቅህ ስለ እሱ ነው።

ወደ እሱ እመለሳለሁ። አስቀድመህ መጽሐፈ ነህምያን አንብብ። ለሥራ መሪ ከእሱ የሚሻል መጽሐፍ እምብዛም አላውቅም። ነህምያ በሱሳ ከተማ የንጉሥ አርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር። ቅጥሯ የፈረሰችውን ኢየሩሳሌምን ሊሠራ መጣ። ሥራው በ52 ቀን አለቀ። በመካከል የሥራው ተቃዋሚዎች ሰንባላጥና ጦብያ ያፌዙበታል፣ ያስፈራሩታል። ጭንቀቱ ከአንተ አያንስም ማለት ነው። ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ሲለው በጥያቄውና በመልሱ መካከል ጸለየ (2፥4)። ንጉሥ ፊት ቆሞ ረጅም ጸሎት አያደርስም መቼም! አንድ «አቤቱ» ቢሆን ነው። ስልክ አንስተህ ከመጮህህ በፊት ለአንተም የሚበቃህ ያቺው ናት።

ምዕራፍ 5 ደግሞ በቀጥታ ለአንተ የተጻፈ ይመስላል። ድሆቹ እየጮኹ መጡ። ሀብታሞቹ እርሻቸውን በመያዣ ወስደውባቸዋል፣ ልጆቻቸውም ባሪያ ሆነዋል። ነህምያ «እጅግ ተቈጣሁ» ይላል። አላፈረበትም፣ አልደበቀውም። ቀጥሎ ግን «በልቤም አሰብሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ታላላቆቹን የገሠጸው። መቆጣቱ አልቀረም፣ አፉን የከፈተው ግን ልቡን ካማከረ በኋላ ነው። ሲገሥጽም «እናንተ» ብቻ አላለም፤ «እኔም ወንድሞቼም አበድረናል» ብሎ ራሱንም ከተጠያቂዎቹ ጋር አስገባ። ገዥ ሆኖ በቆየባቸው 12 ዓመታትም ለገዥ የሚገባውን ቀለብ አልበላም፣ ሕዝቡ ላይ ሥራው ከብዶ ነበርና። እንዲህ ያለ ሰው ሲቆጣ ይሰማል።

እና «ካልተቆጣሁ አይሠሩም» ላልከው፣ ተቆጣ። መጽሐፉም «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ» ይላል (ኤፌ. 4፥26)። የተበላሸ ሥራ ይታረማል። ያረፈደ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ካልሆነ በሕጉ መሠረት ይሰናበታል። ይህን ሁሉ ለማድረግ መሳደብ አያስፈልግም። ቅዱስ ጳውሎስ ለጌቶች «ዛቻውን ትታችሁ» ያለው ሥራው ይቅር ማለቱ አይደለም (ኤፌ. 6፥9)።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን የተናደድከው በልጁ ነበር ወይስ በሌላ? ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ለአንተ አልነግርህም። ቀብድ የተቀበልከው ግን በድሮው ሒሳብ ይሆናል። መብራት ይጠፋል፣ የማስረከቢያ ቀን ይደርሳል፣ ደንበኛው መጥቶ ይቆማል። በዚህ ላይ ቦርድ ሲበላሽ ደምህ ይፈላል። ይገባኛል። ግን ደንበኛውን አትሰድበው፣ ባንኩን አትሰድበው፣ ዶላሩን አትሰድበው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይህ ነው። ልጁ የተመታው አፍ አውጥቶ ስለማይመልስልህ ነው። ሥልጠናው ስሜትህን ለይተህ በስሙ ጥራው ብሎህ ከሆነ እዚህ ላይ ይጠቅምሃል። «ፈርቻለሁ» ማለት ከ«ተናድጃለሁ» ይከብዳል፤ ብዙ ጊዜ እውነቱ ግን እሱ ነው። ንስሐ አባትህም ፊት ስትቀርብ «ቁጡ ነኝ» ብለህ አትለፈው። ማንን፣ የት፣ ምን እንዳልከው ተናገር።

አሁን ወደ ጾምህ። ነቢዩ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58ን ታውቀዋለህ፣ በየዓመቱ ይሰበካል። ሕዝቡ «ጾምን፤ ስለ ምን አላየኸንም?» ይላሉ። የእግዚአብሔር መልስ ምን ነበር? «በጾማችሁ ቀን ፈቃዳችሁን ታደርጋላችሁ፥ ሠራተኞቻችሁንም ሁሉ ታስጨንቃላችሁ»። ሠራተኞቻችሁን ነው የሚለው! ሰብከን ሰብከን ይቺን ቃል እንዘላታለን፤ ስለ ሥጋና ወተት ማውራት ሳይቀለን አይቀርም። ጾምህን ተው እያልኩህ አይደለም። ሆድህን የገዛህበትን ኃይል ለአንደበትህም አውለው።

ደግሞ ሥጋ ነህ። ሰባት ስምንት ሰዓት ላይ ባዶ ሆድ አለ፣ የቡና ራስ ምታት አለ። በዚያ ሰዓት ሰው አትቅጠር፣ አታሰናብት፣ ቅጣት አትወስን። ለጠዋት አስተላልፈው። ከአቅምህ በላይ ከሆነብህ ወይም ሕመም ካለብህ ስለ ጾም ሰዓቱ ንስሐ አባትህን አማክር። ከንስሐ አባት ጋር ተመካክሮ ማስተካከል ነውር የለበትም።

ልጁ ግን ዋናው ጉዳይ ነው። ጌታ በተራራው ስብከት «ደንቆሮ የሚለው ሁሉ የገሃነመ እሳት ፍርድ ይገባዋል» ብሏል (ማቴ. 5፥22)። የተጠቀምከው ቃል ራሱ ነው። ቀጥሎም መባህን ልታቀርብ ሳለ ወንድምህ የተቀየመህ መሆኑን ብታስታውስ፣ መባህን ትተህ አስቀድመህ ሂድና ታረቅ ይላል። በቅዳሴ ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተለዋወጡ ሲል ግራ ቀኙን እጅ እንነሣለን። ከጎናችን የቆመው ግን ብዙውን ጊዜ ያልበደልነው ሰው ነው። የበደልነው ወርክሾፕ ነው ያለው።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ይቅርታ ጠይቀው። ቢሮ ጠርተህ በሹክሹክታ አይሁን። በሰው ፊት ነው የሰደብከው፣ በሰው ፊት ይሁን። «በሰው ፊት ልሰድብህ አይገባም ነበር፣ ይቅርታ አድርግልኝ» በቂ ነው። «ግን አንተም ብትጠነቀቅ ኖሮ» የምትለዋን አትጨምር፤ እሷ ከገባች ይቅርታው ተመልሶ ወቀሳ ይሆናል። ስለ አቆራረጡ ሌላ ቀን ብቻችሁን ተነጋገሩ። ያኔም መጀመሪያ ልኬቱን ማን እንደነገረው ጠይቅ። በስልክ እየተጣደፍክ የነገርከው አንተ ከሆንክ የቦርዱ ዕዳ ያንተ ነው።

ስለ ደመወዙ አጭር ነው፦ አትቁረጥ። ሕጉም በዚህ መንገድ አይፈቅድልህም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖር፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከሲሶው ሊበልጥ አይችልም። ሕጉን ብተወው እንኳ ያዕቆብ ምዕራፍ 5 ቁጥር 4 አለ፤ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል ይላል። ቆርጠህ ከሆነ መልስለት። ከዚያ ገንዘብ ላይ ዐሥራት ማውጣትም አያምርብህም።

ስለ ቀኖናው፣ ማለትም ስለ ንስሐው ቅጣት፣ አትጠይቀኝ። እሱ የንስሐ አባትህ ድርሻ ነው፣ በጽሑፍም አይሰጥም። ሁዳዴ ሳያልቅ ሂድ። ከልጁ ጋር ታርቀህ ብትሄድ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄያቸውን መልሰህ ትደርሳለህ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።