የማሰሮ ጽጌረዳ፦ ጉዝጓዝና ውኃ (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)፦ ጽጌረዳዬን ባልዲ ውስጥ ነው የተከልኩት። በዚህ የግንቦት ሙቀት በቀን ስንቴ ላጠጣው?

መልስ፦ በቀን አትመሪ እቴ፣ በጣትሽ እይው። 4 ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብተሽ እርጥበት ካገኘሽ ተይው። አፉ 30 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ባልዲ፣ አፈሩ ራቁቱን ከሆነ በድሬ ግንቦት በየቀኑ ውኃ ይፈልጋል፤ ጉዝጓዝ (አፈሩን ከላይ የሚሸፍን ገለባ ወይም ቅርፊት) ካለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቀን አንዴ ይበቃዋል። ስታጠጪ በማለዳ ከ2 እስከ 3 ሊትር፣ በሥሩ ቀዳዳ እስኪወጣ። ጠዋት ማታ አንዳንድ ኩባያ ጠብ ማድረግ ላዩን ብቻ ያርሳል፤ ሥሩም እዚያው ላይ ይቀርና ቀትር ሲሆን ይጠበሳል።

ጥያቄ (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)፦ ገራባ (የጫት ትራፊ) ለጉዝጓዝ ይሆናል?

መልስ፦ ከደረቀ ይሆናል። እርጥቡ ተጠቅጥቆ ይሻግታል፣ ዝንብም ይጠራል። የለውዝ ቅርፊት ወይም የቡና ገለባ ካገኘህ ግን ይሻላል፤ አየር ያሳልፋል። መጀመሪያ አፈሩን በደንብ አጠጣ፣ ከዚያ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጎዝጉዝ፣ በግንዱ ዙሪያ ሦስት ጣት ያህል ክፍት ተው። ካልተውክ ግንዱ ከታች ይጠቁራል። ገለባውን ከአፈሩ ጋር አትደባልቀው፤ ሲበሰብስ ናይትሮጅን ይሻማዋል።

ጥያቄ፦ ከጎዘጎዝኩ ወዲህ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ላንሳው?

መልስ፦ የትኛው ቅጠል? የታችኛው ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆኖ ከረገፈ፣ አፈሩም ከሸተተ፣ ውኃ በዝቶበታል። ጎዝጉዞ እንደ ድሮው በየቀኑ የሚያጠጣ ሰው ብዙ ነው። ጉዝጓዙን ሦስት ቀን ወደ ዳር ግፋው፣ ቀዳዳው መደፈኑን እይ፣ ከሥር ሳህኑ ላይ የቆመውን ድፋ። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ግን ብረት አጥሮታል። የድሬ ውኃ ኖራ ይበዛዋል፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱው ነው። ኖራው አፈሩ ውስጥ ሲጠራቀም ብረት ቢኖርም ሥሩ መውሰድ ያቅተዋል። የጣሪያ ዝናብ አጠራቅመህ እሱን አጠጣ፤ ካልሆነ ኢዲዲኤችኤ (EDDHA) የሚል ጽሑፍ ያለበት የብረት ማዳበሪያ ፈልግ፣ መጠኑን ከማሸጊያው ላይ ውሰድ።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ እኛም እንደዚሁ?

መልስ፦ የለም፣ እናንተ ከድሬ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላላችሁ፤ አፈሩ ቶሎ አይደርቅም። ሐምሌና ነሐሴ ጉዝጓዙን ወደ 2 ሳንቲ ሜትር አሳንሱት። ማታ ቅጠሉን አታርሱ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያመጣል።

ጥያቄ፦ ጎዝጉዤም ቀትር ላይ ይጠወልጋል፣ አፈሩ ግን እርጥብ ነው።

መልስ፦ ዕቃው ጥቁር ፕላስቲክ ነው? ጉዝጓዝ ላዩን እንጂ ጎኑን ከፀሐይ አይከልልም። ሰፋ ያለ፣ ሥሩ የተበሳ ዕቃ ውስጥ ክተተውና በሁለቱ ዕቃዎች መሃል ያለውን ክፍተት በገለባ ሙላው። ውኃ አትጨምር።